የዜሮዋ ድርሻ፦ ሩሌት ሳያጭበረብር እንዴት ይበላል?

በቅርቡ ደሴ ላይ የሰፈራችን ቅሬ፣ ዕድሩ ማለት ነው፣ ተሰብስቦ ነበር። ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ተነጋግረን ልንበተን ስንል፣ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ ደሞዙን በስልክ ቁማር ጨረሰው» አሉ።

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ወሬው ከየአቅጣጫው መጣ። የአንዱ የእኅት ልጅ፣ የሌላው ተከራይ፣ የሦስተኛው ወንድም። ለካ ሁሉም ቤት አለ። ከክርክሩ በኋላ አብዛኛው ሰው የተስማማበት ሐሳብ ይህ ነበር፦ «ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል። መጀመሪያ ያበላሃል፣ ቆይቶ ይበላሃል።»

እኔ ግን እስካሁን በዚህ አልተስማማሁም። ይበላል የሚለው ልክ ነው። የሚያጭበረብር ቁማር ቤትም አይጠፋም። ነገር ግን ልጆቹ ስልክ ላይ የሚጫወቱት ሩሌት፣ ኳስና መንኮራኩር ያለው ቁማር፣ ለመብላት ማጭበርበር አያስፈልገውም። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። «የተበላሁት ስላጭበረበሩኝ ነው» የሚል ልጅ የማያጭበረብር ቤት ፍለጋ ይወጣል። ፈልጎ ቢያገኝም እዚያው ይበላል።

ፒያሳ ያደገ ሰው ሦስቱን ካርታ ያስታውሳል። አንዱ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ሦስት ካርታ እያገላበጠ «ቀይዋን ያየ!» እያለ ይጣራል። እዚያ ተንኮሉ እጁ ላይ ነው። ዐይንህ ያየችውን ካርታ እጁ ቀይሯታል። ተጫዋች መስለው ከጎን የቆሙትም የራሱ ሰዎች ናቸው። ሩሌት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁሉም ነገር ጠረጴዛው ላይ ነው። የሚደበቅ የለም። ስንቱ ቁጥር እንዳለ ይታያል፣ ስንት እንደሚከፍል ተጽፏል። የቤቱ ድርሻም እዚያው በግልጽ ተቀምጧል። ችግሩ ማንም ቆም ብሎ አለመቁጠሩ ነው።

እስቲ እንቁጠረው።

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። እሁድ እሁድ ወደ ደሴ ይወጣል፣ እኛ ቤት ቡና ይጠጣል። ቅሬው በተሰበሰበ ሰሞን መጥቶ ነበር። አቦሉ እስኪወርድ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጠጋ ብዬ አየሁት። አረንጓዴ ጠረጴዛ፣ ከላዩ የሚሽከረከር መንኮራኩር። በጎን በኩል የቅርብ ጊዜ ቁጥሮች ቀይና ጥቁር ሆነው ተደርድረዋል።

«ቀይ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ወጣ» አለኝ ዐይኑን ሳይነቅል። «አሁን ጥቁር ነው።»

20 ብር ጥቁር ላይ አደረገ። ቀይ ወጣ። 40 አደረገ። ቀይ ወጣ።

«አብሽር ጋሼ፣ ይመለሳል» አለኝ። ያጽናናው እኔን ነበር፣ የተበላው እሱ።

መንኮራኩሩ የተሠራው እንዲህ ነው። በዙሪያው እንደ ገበጣ ያሉ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። በተለመደው የአውሮፓ ዓይነት 37 ናቸው። ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች 18ቱ ቀይ፣ 18ቱ ጥቁር ናቸው። አንዷ ብቻ አረንጓዴ ናት። ዜሮ። ቁጥሮቹ በመንኮራኩሩ ላይ በተራ አልተደረደሩም። ዜሮ ከ32 እና ከ26 መሀል ነው የተቀመጠችው። ከ17 ግራና ቀኝ 25 እና 34 አሉ። አጫዋቹ መንኮራኩሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ያሽከረክራል፣ ብይ የምታክል ኳስ ደግሞ በተቃራኒው ይለቃል። ኳሷ ጉልበት ሲያልቅባት ትወርዳለች፣ ትነጥራለች፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ታርፋለች። ከዚያ በፊት ተጫዋቾች ጠረጴዛው ላይ በተሣሉት ቁጥሮች ላይ ገንዘባቸውን አስይዘዋል። ኳሷ ልትወርድ ስትል «በቃ፣ ከዚህ በኋላ ማስያዝ የለም» ይባላል።

በአንድ ቁጥር ላይ አስይዘህ ቁጥርህ ከወጣ፣ ያስያዝከው ገንዘብ ይመለስልህና 35 እጥፍ ይጨመርልሃል። በ10 ብር 350 ብር ማለት ነው። ጆሮ ይስባል። ይህን ያህል የሚከፍል ቤት ለጋስ ይመስላል።

እዚህ ላይ ለአክስቴ ልጅ የነገርኩትን ልንገራችሁ። የነገርኩት በዕቁብ ነው።

37 ሰው ያለበት ዕቁብ አስቡ። እያንዳንዱ በሳምንት 10 ብር ይጥላል። 370 ብር ይሰበሰባል። ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ሰው 370ውን ይዞ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው። 37 ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም 370 ጥሏል፣ ሁሉም 370 ወስዷል። ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው። ገንዘቡ ከመሀል አይጎድልም። ለዳኛው ድካም ተብሎ አንድ ነገር ቢሰጥ እንኳ አባላቱ ተስማምተው፣ ዐይናቸው እያየ ነው።

አሁን እነዚያኑ 37 ሰዎች ሩሌት ጠረጴዛ ዙሪያ አቁሟቸው። አንዱ ዜሮ ይያዝ፣ ሌላው 1፣ ሌላው 2፣ እንዲያ እያለ እስከ 36። ሁሉም 10 ብር ያስቀምጡ። ጠረጴዛው ላይ 370 ብር አለ። ኳሷ ተሽከርክራ 17 ላይ ወደቀች እንበል። የ17 ባለቤት የራሱን 10 ብር መልሶ ያገኛል፣ 350 ይጨመርለታል። 360 ብር ይዞ ይሄዳል።

370 ነበር። 360 ወጣ። 10 ብሯ የት ገባች?

ቤቱ ወሰዳት። በእያንዳንዱ ዙር፣ ማንም ቢያሸንፍ፣ ያቺ 10 ብር ለቤቱ ናት። ቤቱ ማን እንደሚያሸንፍ ግድ የለውም። ማንንም ማታለል አያስፈልገውም። መንኮራኩሩ ፍጹም ትክክል ሆኖ ቢሽከረከር ይመርጣል እንጂ አይከፋውም። ከ370 ብር 10 ብር፣ ከመቶ ብር 2 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ። የሩሌት ሚስጥር ይኸው ነው። 37 ጉድጓድ አለ፣ ክፍያው ግን 36 ብቻ እንዳለ አድርጎ ነው የተሰላው።

«ታዲያ እኔ ቁጥር ላይ አላስይዝም፣ ቀለም ላይ ነው የማስይዘው» አለኝ የአክስቴ ልጅ። ቀለም ላይ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ነው ባይ ነው።

አይደለም። ቀይ 18 ነው። ቀይ ያልሆነው ደግሞ 19 ነው፣ 18ቱ ጥቁርና ዜሮዋ። ስለዚህ ቀይ የመውጣት ዕድሉ 50 ከመቶ ሳይሆን 48.65 ከመቶ ነው። ክፍያው ግን ልክ ግማሽ በግማሽ እንደሆነ ተደርጎ፣ አንድ ለአንድ ነው። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁጥሮች መሀል ብታስይዝ 17 እጥፍ ይከፈልሃል። በሦስት ቁጥር 11፣ በአራት 8፣ በስድስት 5፣ በአሥራ ሁለት 2። ያስያዝከውን ጨምረህ አስላው። 18፣ 12፣ 9፣ 6፣ 3 ይሆናል። ሁሉም የተገኘው 36ን ለያዝካቸው ቁጥሮች ብዛት በማካፈል ነው። የትም ብታስይዝ፣ እንዴትም ብትቀላቅል፣ መነሻው 36 ነው፣ ጉድጓዱ 37። ጠረጴዛው ላይ ብልጥ ቦታና ሞኝ ቦታ የሚባል የለም። ከመቶ 2 ብር ከ70 ሁሉም ላይ ተጽፏል።

አሜሪካ ውስጥ ባብዛኛው የሚገኘው ዓይነት ደግሞ ይብሳል። ከዜሮ ሌላ ድርብ ዜሮ አለው። ጉድጓዱ 38 ይሆናል፣ ክፍያው ግን ያው 35 እጥፍ ነው። ያኔ የቤቱ ድርሻ ከመቶ 5 ብር ከ26 ሳንቲም ይደርሳል። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሦስት ዜሮ ያለውም አለ፣ እሱ ከመቶ 7 ብር ከ69 ይወስዳል። መንኮራኩሩ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ነው። የሚለየው በአረንጓዴዎቹ ብዛት ብቻ ነው።

ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ ትንሽ መንኮራኩር ማለት ነው። የሒሳብ ሊቁ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዘመን ሳያቋርጥ ራሱን የሚያሽከረክር ማሽን ሊሠራ ሲሞክር መነሻውን አገኘው ይባላል። ዛሬ የምናውቀው ጨዋታ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ይካሄድ ነበር፣ ሁለት ዜሮም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1843 ፍራንሷ እና ሉዊ ብላን የሚባሉ ወንድማማቾች ጀርመን ውስጥ ባድ ሆምቡርግ በተባለች ከተማ አንዷን ዜሮ አነሡ። ከሌሎች ቤቶች ጋር ሲወዳደሩ ድርሻቸውን ቀነሱ ማለት ነው። ሰው ጎረፈላቸው። ፍራንሷ ብላን በኋላ በ1863 የሞንቴ ካርሎን ቁማር ቤት ይዞ ባለጠጋ ሆነ። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ታሪክ ነው። ድርሻውን በግማሽ ያህል ቀንሶም ከበረ። 2 ብር ከ70 ትንሽ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ።

አሁን ወደ «ቀይ አምስት ጊዜ ወጣ» እንመለስ። ብዙ ወጣት ኪሱ የሚራገፈው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1913 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ደጋግሞ መውጣት ጀመረ። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ሰው ተሰበሰበ። «ከእንግዲህ ቀይ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም» እያለ ቀይ ላይ ይከምር ጀመር። በየዙሩ ያስያዘውን ያሳድጋል። ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ። ሲያቆም ቤቱ ሚሊዮኖች ፍራንክ ሰብስቦ ነበር።

26 ጊዜ ተከታትሎ አንድ ቀለም መውጣት በጣም ብርቅ ነው። ይህ እውነት ነው። ጥቁር 25 ጊዜ ከወጣ በኋላ ግን 26ኛውም ጥቁር የመሆን ዕድሉ ያው 48.65 ከመቶ ነው። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም። ጉድጓዶቹም አይቆጥሩም። ቀይ «ተራው» የሚደርሰው በዕቁብ ነው፣ ምክንያቱም በዕቁብ ዕጣው የወጣለት ሰው ስሙ ከሳጥኑ ይነሣል። በሩሌት ግን የወጣው ቁጥር ተመልሶ ይገባል። ሁልጊዜ 37ቱም እዚያው አሉ።

ስልኩ ላይ ያ የቁጥሮች ዝርዝር የተደረደረው ታዲያ ለምንድን ነው? አንዱን «ሞቃት»፣ አንዱን «ቀዝቃዛ» እያለ የሚያሳየውስ? ዝርዝሩ ውሸት አይደለም። በትክክል የወጡት ቁጥሮች ናቸው። ግን ለሚቀጥለው ዙር የሚነግርህ አንድም ነገር የለም። ሰው ግን እንዲህ ነው፣ የተደረደረ ነገር ካየ ትርጉም ይፈልግለታል። ፈልጎም ያገኛል። ከዚያ ያስይዛል።

የአክስቴ ልጅ ይህን በቃል አልተቀበለኝም። ስለዚህ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ ቆርኪ አመጣን። ከጎረቤት ግሮሰሪ 37 ቆርኪ ለመንን። ልጄ በእስክሪብቶ ፕላስተር ላይ ከ0 እስከ 36 ጻፈች፣ ለጠፈችባቸው። ፌስታል ውስጥ ከተትን። አንዱን ማውጣት፣ መጻፍ፣ መልሶ መክተት፣ መናጥ። ይህን 37 ጊዜ አደረግን።

«ስንቱ ሳይወጣ የሚቀር ይመስልሃል?» አልኩት ከመጀመራችን በፊት።

«ሁለት፣ ሦስት» አለ።

14 ቁጥር አንድም ጊዜ ሳይወጣ ቀረ። ሒሳቡም በአማካይ 13 ያህል ሳይወጡ ይቀራሉ ይላል። 22 ግን ሦስት ጊዜ ወጣች። የደሴ ቆርኪ ማንንም ለማታለል ብላ አይደለም። ዕድል ሲበታተን እንዲህ ነው የሚበታተነው። አንዱ ቦታ ይከማቻል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። አንድ የተወሰነ ቁጥር 100 ጊዜ ተሽከርክሮ ሳይወጣ የሚቀርበት ዕድል ራሱ ከመቶ 6 ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ 17ን ጠብቆ ያልመጣለት ሰው «ተጫወቱብኝ» ቢል አልፈርድበትም። ግን ማንም ሳይጫወትበት ይህ ይሆናል።

ልጁ ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እጥፉን አነሣ። እሱ ደብል ነው የሚለው። 10 አስይዝ፣ ከተበላህ 20፣ ከተበላህ 40፣ አንድ ቀን ማሸነፍህ አይቀርም፣ ያኔ ሁሉንም መልሰህ 10 ብር ታተርፋለህ። ስሌቱ ወረቀት ላይ ትክክል ነው። ብዙ ቀንም ይሠራል። ለዚህ ነው አደገኛ የሆነው።

ሰባት ጊዜ ተከታትለህ ብትበላ ምን ይሆናል? 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160፣ 320፣ 640። ሲደመር 1,270 ብር ሄዷል። ስምንተኛውን ለማስያዝ 1,280 ብር ያስፈልግሃል። ይህ ሁሉ 10 ብር ለማትረፍ ነው። ሰባት ጊዜ መበላት ሩቅ ይመስላል፣ ግን እጥፉን ሀ ብለህ በጀመርክ ቁጥር ከ106 አንድ ጊዜ ያህል ያጋጥማል። በስልክ በሰዓት 180 ዙር ለሚጫወት ሰው፣ በአንድ እሁድ ከሰዓት ቢመጣበት ምንም አይገርምም። በዚያ ላይ ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚያዝ ገንዘብ ላይ ጣሪያ አለው። ገንዘብ ብታገኝ እንኳ ጣሪያው ያስቆምሃል። እጥፍ ማድረግ የቤቱን ድርሻ በአንድ ሳንቲም አይቀንስም። ትንንሹን ማሸነፍ ያበዛና መበላቱን ወደ አንድ ትልቅ ቀን ያከማቻል። ብዙ ጊዜ ያ ቀን ደሞዝ በወጣ ሰሞን ነው፣ ያኔ ነው አስይዞ የሚታጠፍ ገንዘብ ያለው።

«ግን እኮ የበሉ አሉ» ይባላል። አዎ፣ አሉ። ይህን መካድ አያስፈልግም። ሰው በዐይኑ ያየውን ብትክድበት ሌላውንም አያምንህም። ቀይ ላይ ብቻ እኩል እኩል እያስያዘ 100 ዙር የተጫወተ ሰው በትርፍ የመነሣት ዕድሉ ከመቶ 36 ያህል ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ሸዋ በር ላይ ሰብሰብ ካሉት ጓደኛሞች መሀል አንዱ «በላሁ» ብሎ ሻይ ይጋብዛል። እሱ ይሰማል። ሁለቱ ዝም ይላሉ። አሁን እስከ 1,000 ዙር ይቀጥሉ። በትርፍ የሚነሣው ከአምስት ሰው አንዱ እንኳ አይሞላም። 10,000 ዙር ከደረሱ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ነው። ዕድል በአጭር መንገድ ላይ ከተጫዋቹ ጋር አብራ ትሄዳለች። መንገዱ ሲረዝም ዜሮዋ ትደርስበታለች። ሻይ የጋበዘው ልጅ በማግስቱ ተመልሶ የሚመጣው ደግሞ ስለበላ ነው።

ቅሬው ላይ «መጀመሪያ ያበላሃል፣ ቆይቶ ይበላሃል» የተባለው ለዚህ ነው ተንኮል የመሰለው። ማንም ሆን ብሎ ባያደርገውም መልኩ ልክ እንደዚያ ነው።

መንኮራኩሩን የረቱ ሰዎች የሉም ወይ? ጥቂት አሉ። የሚገርመው አንዳቸውም በዕድል አልረቱም። ጆሴፍ ጃገር የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፣ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ያደገ፣ ከዮርክሸር። የኮምቦልቻ ልጅ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ፋብሪካ የዋለ ሰው፣ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ እንደሚበላና እንደሚያዘነብል ያውቃል። ጃገር በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ሞንቴ ካርሎ ሄዶ፣ ሰው ቀጥሮ የሚወጡትን ቁጥሮች ለቀናት አስመዘገበ። አንዱ መንኮራኩር ጥቂት ቁጥሮችን እንደሚያበዛ አገኘ። እነሱ ላይ አስይዞ ብዙ ገንዘብ ወሰደ። ቤቱ ነገሩ ሲገባው መንኮራኩሮቹን መቀያየር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ኤድዋርድ ቶርፕ እና ክሎድ ሻነን የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት በልብስ ሥር የሚደበቅ ትንሽ ኮምፒውተር ሠርተው፣ ኳሷ የምትወድቅበትን አካባቢ ከፍጥነቷ ለመገመት ላስ ቬጋስ ውስጥ ሞከሩ። ሁለቱም ታሪኮች አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ከእንጨትና ከብረት የተሠራ መንኮራኩር።

ስልክህ ላይ ያለው ግን እንጨት የለውም። በካሜራ በቀጥታ የሚተላለፍ እውነተኛ ጠረጴዛ ካልሆነ በስተቀር፣ የምታየው ሥዕል ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ያወጣል፣ ከዚያ ኳሷ እዚያ ስትወድቅ የሚያሳይ ምስል ይታያል። የአክስቴ ልጅ 17 ላይ አስይዞ ኳሷ 34 ላይ ስትወድቅ ጭኑን መታ። «ለጥቂት! ጎኑ ላይ!» አለ። 34 በእርግጥ ከ17 ጎን ናት። ግን እዚያ ምንም ለጥቂት የተረፈ ነገር አልነበረም። የተንከባለለ ኳስ የለም። 34 ወጣ፣ አለቀ። ያ «ለጥቂት» ግን ሌላ 20 ብር አስያዘው፣ በዐይኔ ነው ያየሁት።

ስልኩ የቀየረው ትልቁ ነገር ግን ፍጥነቱ ነው። እውነተኛ ጠረጴዛ ላይ ሰው ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ኳሷ ትዞራለች፣ አጫዋቹ ይከፍላል፣ ይሰበስባል። በሰዓት 40 ዙር ቢሆን ነው። በየዙሩ 10 ብር ብታስይዝ 400 ብር አሽከረከርክ ማለት ነው፣ በአማካይ የቤቱ ድርሻ 10 ብር ከ80። ስልክ ላይ የአክስቴ ልጅ በየ20 ሴኮንዱ አንዴ ይነካል። በሰዓት 180 ዙር፣ 1,800 ብር። ይህን ያህል ገንዘብ የለውም እኮ! ያለው 200 ብር ነው። ግን ያንኑ 200 ብር እየበላም እየተበላም ደጋግሞ ያዞረዋል፣ ዜሮዋም በዞረ ቁጥር ድርሻዋን ትቆርጣለች። በሰዓት 48 ብር ከ60 ገደማ። በአራት ሰዓት 200ው በአማካይ አለቀ። ከመቶ 2 ብር ከ70 የሚለው ቁጥር ትንሽ የሚመስለው ካንድ ጊዜ በላይ የማይቆረጥ ስለሚመስለን ነው። በዚያ ላይ ገንዘቡ በቴሌብር ይገባል፣ ብር በእጅህ ተቆጥሮ ሲወጣ አታየውም። ማታ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ማንም ሳያየው፣ ይነካል።

አንዳንዶቹ የስልክ ሩሌት ዓይነቶች በአንድ ቁጥር 35 እጥፍ እንኳ አይከፍሉም። አልፎ አልፎ የሚመጣ ትልቅ ብዜት ያሳዩህና የተለመደውን ክፍያ ዝቅ ያደርጉታል። ተጽፏል፣ ግን በእንግሊዝኛ፣ ሦስት ገጽ ወደ ውስጥ ገብተህ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ልጆቹን ሰነፍ ለማለት አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ብዙ ሰው እንደ አዲስ ነው የጀመረው። ሱቅ የተዘረፈበት አለ፣ ፋብሪካው ቆሞ ከሥራ የወጣ አለ። ደሞዝ ቤት ኪራይ አልፎ ሌላ ነገር አይደርስም። እንዲህ ባለ ጊዜ 10 ብር 350 ብር ይሆናል የሚል ስልክ ኪስህ ውስጥ አለ። ሼሁም ቄሱም ቁማርን ይከለክላሉ፣ ልጁም ይህን ያውቃል፣ አያቱም ነግራዋለች። ያልነገረው ሰው ያለው ሒሳቡን ነው።

ስለዚህ ቅሬው ላይ ተነሥቼ ያልኩትን እዚህም እላለሁ። የቤቲንግ ቤቶች በር ላይ «ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አያለሁ። ጥሩ ነው። ከጎኑ ሌላ ወረቀት ይጨመር። በአማርኛ፣ በትልቁ፦ «እዚህ ከሚያስይዙት 100 ብር ቤቱ በአማካይ ይህን ያህል ይወስዳል።» በየጨዋታው ቁጥሩ ይጻፍ። ስልክ ላይም ማስያዣው ቁልፍ አጠገብ ይቀመጥ። ሥጋ ቤት የኪሎውን ዋጋ ይለጥፋል፣ ቡና ቤት የሲኒውን ዋጋ ይለጥፋል። ቁማር ቤትም የሚሸጠው ነገር አለ፣ ዋጋውም ይኸው ነው። ወጪው ጥቂት ነው፣ ቁጥሩን ቤቶቹ ራሳቸው በደንብ ያውቁታል። ፈቃድ የሚሰጥ ሁሉ ይህን ግዴታ ማድረግ ይችላል። ቅሬውም ደብዳቤ ለመጻፍ ተስማምቷል። አርቃቂው እኔ ነኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አነባለሁ።

የአክስቴ ልጅ በረካው ተጠጥቶ ሊነሣ ሲል፣ ቆርኪዎቹን እየሰበሰበ፣ ዜሮዋን ለይቶ ያዛት።

«እሺ» አለ። «የሚበላን ዜሮ ከሆነ፣ እኔ ዜሮ ላይ ባስይዝስ? ከቤቱ ጋር አልሆንም?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰውም የሚያስበው ነው። ቆርኪዋን ከእጁ ወስጄ ከሌሎቹ 36 ጋር ፌስታሉ ውስጥ ጨመርኳት። ዜሮ ላይ ማስያዝ ይቻላል። ስትወጣም 35 እጥፍ ትከፍላለች፣ እንደማንኛውም ቁጥር። ከ37ቱ አንዷ ናት፣ የምትከፍለው ግን እንደ 36ቱ ነው። ዜሮን ያስያዘው ሰውም፣ ጠረጴዛው ላይ ስትወጣለት፣ 370 ከተሰበሰበው ላይ 360 ነው ይዞ የሚሄደው።

«እሷም ላይ?» አለኝ።

«እሷም ላይ» አልኩት።